የጠራ ውሃ ሁሉ ለዓሣ የተዘጋጀ አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጆቼ አነስተኛ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ገዛሁ። ክሎሪኑ እንዲወጣለት ውሃውን አሳድሬ በማግሥቱ አምስት ዓሦች ለቀቅሁበት። ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ ነበር። ይሁን እንጂ ሳምንት ሳይሞላ አራቱ ሞቱ። በውጭ አገር የዶክትሬት ጥናቴን ሳከናውን የሙከራ ዕቃዬ አየር እስኪወጣለት ድረስ ቀናት የምጠብቅ ሰው፣ ቤቴ ውስጥ ዓይኔን አምኜ መለካትን ዘነጋሁ።

ዓሦቹን የገደለው በዓይን የማይታየው አሞኒያ ነው፤ ከራሳቸው ሰውነትና ከተረፈ ምግብ ይመነጫል። በቆየ ገንዳ ውስጥ፣ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይቀይሩታል። በአዲስ ገንዳ ግን እነዚህ ሁሉ ገና አልተባዙም።

የሚዘገዩበትን ምክንያት የኢነርጂ ሒሳብ ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1890 ሰርጌይ ዊኖግራድስኪ በዙሪክ ነጥሎ ያሳደጋቸው እነዚህ ፍጡራን ከአሞኒያ የሚያገኙት ኢነርጂ ጥቂት ነው፤ ሰውነታቸውንም የሚገነቡት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በመሆኑም ኢ. ኮላይ በአመቺ ሁኔታ በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ሲሆን፣ እነርሱ በርካታ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል።

አንዳንዶች ጥቂት ጠንካራ ዓሦችን አስቀድሞ መልቀቅ በቂ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። መርዙን መለካት እየተቻለ ሕይወት ያለውን ፍጡር መለኪያ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

እንግዲህ ገንዳውን ያለ ዓሣ ጀምሩ። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ስለሚሹ ማጣሪያው ያለማቋረጥ ይሥራ። በየዕለቱ ጥቂት የዓሣ ምግብ ጨምሩ፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል። ጤናማ ከሆነ ነባር ገንዳ የስፖንጅ ቁራጭ ብታገኙ ሥራው ይፋጠናል፤ አለዚያ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በየሁለት ቀኑ በመመርመሪያ ኬሚካል እየለካችሁ ውጤቱን በግራፍ አስፍሩ። አሞኒያው ወጥቶ ይወርዳል፤ ናይትራይቱም ይከተለዋል፤ ናይትሬቱ እየጨመረ ይሄዳል። ምግብ እየተጨመረ ሁለቱ መርዞች ዜሮ ላይ ሲጸኑ ዓሦችን ጥቂት በጥቂት ልቀቁ። ስፖንጁንም ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጠቡ።

በእኔ እምነት የትምህርት ቤት ሳይንስ ክበባት ይህን ጊዜ እንደ ባከነ ሊቆጥሩት አይገባም፤ ዋናው ሙከራ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። እኛም ገንዳችንን እንደገና ስንጀምር ግራፉን የሠሩት ልጆቼ ናቸው። ዓሦቹን የገዛነው በሰባተኛው ሳምንት ነበር።