ስደተኝነት መንጃ ፈቃድ አይደለም

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ካባላጋላና ካንሳንጋ ባለነው መካከል አንድ የድምፅ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። «ስደተኛ የዩኤን ሰው ነው፣ የኡጋንዳ የትራፊክ ሕግ አይመለከተውም። ለገንዘብ ካልሠራህ መንገደኛ ነህ እንጂ ሾፌር አይደለህም፤ መንገደኛ ደግሞ መንጃ ፈቃድም ታርጋም አያስፈልገውም። ፖሊስ ሲያስቆምህ ጄኔቫን ጥራበት» ይላል። ይህንኑ በወረቀት አትሞ የሚሸጥም አልጠፋም።

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው!

እስቲ የሚጠሩትን ጄኔቫ እናንብበው። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 2 ስደተኛ የተጠለለበትን አገር ሕግና ደንብ የማክበር ግዴታ አለበት ይላል። የ1969ኙ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት አንቀጽ 3ም፣ የ2006ቱ የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግም ይህንኑ ይደግማሉ። አንቀጽ 26 የሚሰጠን የመዘዋወር መብት ነው፤ ስለ ሞተር አንድ ቃል የለበትም። በእግርህ ሂድ፣ ታክሲ ተሳፈር። መሪ ስትጨብጥ ግን የሌላው ሰው ሕይወት እጅህ ገብቷል።

ተረቱ የእኛም አይደለም። «ሶቨሪን ሲቲዝን» ከሚባሉት አሜሪካውያን የመጣ ነው። እዚያም አልሠራም። ሄንድሪክ የተባለ ሰው የሜሪላንድን ምዝገባ ሳይዝ ከዋሽንግተን ዲሲ መኪናውን እየነዳ ገብቶ ተቀጣ። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1915 ፍርድ ቤቱ ግዛቶች መኪና የማስመዝገብና መንጃ ፈቃድ የመጠየቅ ሥልጣን አላቸው ብሎ ፈረደበት። ዛሬ ዘመዶቻችን በዚያው መንገድ ታክሲ ይነዳሉ፤ ፈቃዳቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ነው። ከዚያ ሆናችሁ መልእክቱን የምትልኩልን፣ እናንተ የማትሞክሩትን ለእኛ ለምን ትመክራላችሁ?

የሰኮንደሪ አስተማሪ ነኝ። ካስተማርኳቸው መካከል ዛሬ ቦዳ የሚነዱ አሉ። ሰው አሳፍረው ሂሳብ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ በተረቱ በራሱ ሚዛን እንኳ ሾፌሮች ናቸው። ሞተሩ ሲያዝ የሚከፍለው የድምፁ ባለቤት አይደለም። ተሳፋሪ ሲጎዳ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ልጅ ኢንሹራንስ ፊት ምን ይዞ ይቆማል?

መንገዱ ቀላል ነው አልልም። ክፍያው ይከብዳል፣ ቀጠሮው ይረዝማል፣ የስደተኛ መታወቂያ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሠራተኛ አለ፣ ጉቦ የሚጠይቅም አለ። ይህ በደል ነው፤ ልንታገለው ይገባል። ከለከሉህ? ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ። ወደ ሪፊውጂ ሎው ፕሮጀክት ሂድና የሕግ ባለሙያ አማክር። መጀመሪያ የለማጅ ፈቃድ አውጣ፤ ሞተር ስትገዛ ሰነዱን በስምህ አዙር።

ካምፓላ ውስጥ ካምፕ ሳንገባ የምንኖረው፣ ሥራ የምንፈልገው፣ ወደ ሸሸንበት እንዳንመለስ የምንጠበቀው በዚሁ አገር ሕግ ነው። ሌላ ጋሻ የለንም። «ሕጉ አይመለከተኝም» ያልን ቀን የሚጠብቀንም ሕግ አይመለከተንም ብለን ፈርመናል። እኛ «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተዘረጋ እጅ የሚሰበሰብበት አገር ልጆች ነን። ነገ ተበድለን በዚህ አገር በሕግ አምላክ ለማለት፣ ዛሬ ሕጉን እናክብር።

ቦዳ የሚነዳ ወንድም ያላችሁ አስነብቡት።