ሌቨሩ ሳይመረመር የተዘጋው መዝገብ ይከፈት፦ ለአንድ የመንግሥት የኮንስትራክሽን ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የፈጠራ ሥራዎች ገምጋሚ ኮሚቴዎ ስለ ኤክስካቫተር መቆጣጠሪያ ሌቨር የሰጠውን ውሳኔ ይመለከታል

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

መነሻውን ያውቁታልና አልደግመውም። በድርጅትዎ መካኒክ በሆነው ወንድማችን ስም የገቡት አቤቱታዎች በመዝገብ ቤትዎ ቁጥር ወጥቶላቸው ተቀምጠዋል። በቃል ስንጠይቅ «ይታያል» ተባልን፤ በጽሑፍ ስንጠይቅ መልስ ጠፋ። ስለዚህ በቀጥታ ወደሚያመኝ ቦታ እገባለሁ። ወንድማችን የሠራውን የሌቨር ቁልፍ ኮሚቴዎ በግቢው መካከል ለማሽን አስመጪዎች አስገልጦ ካሳየ በኋላ፣ ነገሩ ሌቨር ስለሆነ ለፓተንት አይበቃም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። መጀመሪያ ምስጢሩን አወጣ፤ ቀጥሎ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም አለ።

ለአስመጪዎቹ በታየበት ቀን እኔም በቦታው ነበርኩ። ልጁ ሥዕሎቹን በአቃፊ ይዞ ቀረበ። ማመልከቻው ለኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን እስኪገባ ድረስ የውስጡን አሠራር ባልገልጽ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ዝግጅቱ የድርጅቱን ስም የሚያስጠራ መሆኑን፣ እንግዶቹም የተጋበዙት ለዚሁ መሆኑን ነግሮ አፉን አስያዘው። የካቢኑ ምንጣፍ ተነሣ፤ የወለሉ ሽፋን ተፈታ፤ ካሙ፣ ገመዱና ስፕሪንጉ ከየት ተነሥተው የት እንደሚታሠሩ አንድ በአንድ እንዲያስረዳ ተደረገ። እንግዶቹ በስልካቸው ቀረጹ። ያዩትን ለሌላ እንዳያሳልፉ አንዳቸውም ፈርሙ አልተባሉም። ይህ አልበቃ ብሎ ፎቶዎቹ ከሥዕሉ አንድ ገጽ ጋር በድርጅቱ መጽሔት ታትመው ተበተኑ። ከወራት በኋላ አንድ የግል ጋራዥ ገብቼ ያንኑ ካም፣ ያንኑ ገመድ በሌላ ሰው ማሽን ላይ ተገጥሞ በዓይኔ አየሁ። የገጠመውን ሰው ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው መጽሔቱን ከመሳቢያ አውጥቶ አሳየኝ። ሰውዬውን አልወቅሰውም። በአደባባይ የተሰጠውን ነው የወሰደው። የሰጠው ማን እንደሆነ ግን እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ይህን የምታነቡ ወገኖች ብዙዎቻችሁ ኤክስካቫተር ላይ ተቀምጣችሁ ስለማታውቁ፣ የተናቀው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳ። በካቢኑ ውስጥ በግራና በቀኝ እጅ የሚያዙ ሁለት ጆይስቲኮች አሉ። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራባቸው አደራደሮች ሁለት ናቸው፤ አይኤስኦ እና ኤስኤኢ ይባላሉ። በአይኤስኦው የግራውን ጆይስቲክ ወደ ራስዎ ሲስቡት አርሙ፣ ማለትም ባኬቱን የያዘው የፊቱ ክንድ፣ ወደ ካቢኑ ይሰበሰባል፤ ቡሙን፣ ማለትም ዋናውን ክንድ፣ የሚያነሣው የቀኙ ነው። በኤስኤኢው ያው የግራው ጆይስቲክ ወደ ኋላ ሲሳብ ቡሙ ይነሣል። ማሽኑን ማዞር በሁለቱም በግራ እጅ፣ ባኬቱን መክፈትና መዝጋት በሁለቱም በቀኝ እጅ ነው። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦፕሬተሩ ወጥቶ ማሽኑን ቢያዞር፣ ባኬቱን ቢከፍት ሁሉም እንደለመደው ይታዘዝለታል፤ የተለወጠ ነገር መኖሩን የሚያውቀው ቡሙን ለማንሣት ሲስብ ነው። ከጉድጓዱ ውስጥ ቱቦ የሚያስተካክል የቀን ሠራተኛ ካለ፣ ወደ ላይ ይነሣል የተባለው ባኬት ወደ ካቢኑ አቅጣጫ ጠርጎ ይመጣበታል።

አገራችን የሚገባው ማሽን ከጃፓን፣ ከኮሪያ፣ ከቻይና፣ ከአሜሪካ ነው፤ ብዙውም በሌላ አገር ሠርቶ ያረጀ ነው። በብዙዎቹ ላይ ከአንዱ አደራደር ወደ ሌላው የሚያዞር ቫልቭ አለ። የቀኑ ኦፕሬተር ወደ ልማዱ አዙሮት ይወርዳል፤ የማታው ይወጣል። የቱ አደራደር ላይ እንደሆነ የሚናገረው ምልክት ጭቃ ሸፍኖታል ወይም ተልጦ ወድቋል። ኦፕሬተሮችን ባሠለጠንኩበት ዘመን ሁሉ ከዚህ ጋር ስታገል ኖሬአለሁና የሚጎዳውን አውቃለሁ።

መካኒካችን ያደረገው ይህ ነው። ከማሽን ሲወረድ የሚነሣ፣ ለጆይስቲኮቹ የሚሄደውን የፓይለት ዘይት የሚያቋርጥ ሴፍቲ ሌቨር አለ። እሱ ይህን ሌቨር ከመቀያየሪያው ቫልቭ ጋር በገመድና በካም አገናኘው። ሴፍቲው ካልተነሣ ቫልቩ አይዞርም። ቫልቩ ከዞረ ደግሞ፣ በግራው ጆይስቲክ እጀታ ላይ ያስቀመጣት ትንሽ ጉብታ አዲሱን አደራደር ወደምታመለክትበት ቦታ በእጅ እስክትዞር ድረስ ሴፍቲው ተመልሶ አይወርድም። ኦፕሬተሩ በጨለማም ቢሆን እጀታውን ሲጨብጥ በመዳፉ ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ የለውም፤ ሴንሰር የለውም፤ ማንኛውም ጋራዥ ሊጠግነው ይችላል።

አሁን ወደ ውሳኔው። ኮሚቴዎ ሌቨር ጥንትም የነበረ፣ ካምና ገመድም የታወቁ ናቸው ይላል። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ አዲስነት፣ ፈጠራዊ ብቃትና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ መሆን። አንቀጽ 4 ፓተንት የማይሰጣቸውን ይዘረዝራል፤ ለሕዝብ ሰላምና ሞራል ተቃራኒ የሆኑትን፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያዎችን፣ የጨዋታና የንግድ ሥራ ደንቦችን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን፣ ግኝቶችንና የሒሳብ ስልቶችን፣ የሕክምና ዘዴዎችን። ሌቨር በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ከባድ ማሽንም የለም። ኮሚቴዎ ከየት አመጣው?

የዓለም የፓተንት መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን የሚያደራጁት እ.ኤ.አ. በ1971 በስትራስቡርግ በተፈረመ ስምምነት በጸናው ዓለም አቀፍ አመዳደብ ነው። በዚያ አመዳደብ ጂ05ጂ የተባለው ክፍል በሙሉ ለመካኒካል መቆጣጠሪያዎች የተሰጠ ነው፤ ሌቨርና ፔዳል ቤታቸው እዚያ ነው። ኢ02ኤፍ 9/20 ደግሞ የመቆፈሪያ ማሽኖች መንቀሳቀሻና መቆጣጠሪያ ማረፊያ ነው። አውሮፓና አሜሪካ በጋራ የሚሠሩበት ዝርዝር አመዳደብ ከዚያም ወርዶ በስሙ ጠርቶ «መቆጣጠሪያ ሌቨሮች» የሚል ንዑስ ቦታ አለው። ሌቨር ፓተንት የማይገባው ነገር ቢሆን ኖሮ መደርደሪያ ባልተሠራለት ነበር።

የኮሚቴውን ጠንካራ ክርክር ግን አልሸሽም፤ የታወቁ ነገሮችን ማገጣጠም ፈጠራ ነው ወይ የሚለውን። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኬኤስአር እና በቴሌፍሌክስ ክርክር ላይ የሰጠው ፍርድ ለኮሚቴው ያግዛል። ነገሩ የመኪና የነዳጅ ፔዳል ነበር፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚስተካከል ፔዳል ከኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ጋር ተያይዞ። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ክርክር የተነሣበትን የፓተንቱን ነጥብ ሻሩት፤ የታወቁ ክፍሎች በታወቀ መንገድ ተገጣጥመው የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ከሰጡ ለባለሙያው ግልጽ ነው በሚል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ዳኞቹ እዚያ የደረሱት ከዚያ በፊት የተሠሩትን ፔዳሎች አንድ በአንድ አውጥተው፣ መጋጠሚያቸው የት እንደነበር፣ ሴንሰሩ የት እንደተቀመጠ አስተያይተው ነው። ፔዳል ፓተንት አይገባውም አላሉም። ኮሚቴዎ አንድም ቀድሞ የተሠራ ቁልፍ ጠቅሷል? አንድም ሥዕል ከአንድ ሥዕል ጋር አስተያይቷል? የሰጠን የውሳኔ ወረቀት ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ ነው፤ ማስረጃ የሚባል የለበትም።

ያው ፍርድ ቤት በ2007ቱ ፍርድ ላይ የጠቀሰውን እ.ኤ.አ. የ1966ቱን የአዳምስ ጉዳይም ያንብቡልኝ። አዳምስ የታወቁ ነገሮችን፣ ማግኒዚየምንና የመዳብ ክሎራይድን፣ አገናኝቶ ውኃ ሲጨመርበት የሚሠራ ባትሪ ሠራ። ለሠራዊቱ ሲያሳይ የመንግሥት ባለሙያዎች አይሆንም አሉት። ኋላ መንግሥት ለእሱ ሳይነግረው በባትሪው ተጠቀመ። ሲከሰስም ነገሩ የታወቀ ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ለአዳምስ ፈረደ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ታሪክ ሳነብ የእኛ ግቢ ትዝ አለኝ፤ እርስዎም ሲያነቡት ትዝ ይበልዎ።

ወንድማችን ፓተንት የግድ ይገባዋል ብዬ አልፈርድም። ጆይስቲክ ወደዚህ ሲሳብ ይህ ይሁን የሚለው አደራደር ብቻውን ደንብ እንጂ መሣሪያ አይደለም፤ ያንን ማንም የእኔ ነው ሊል አይገባም። ቁልፉ ግን የሚዳሰስ መሣሪያ ነው። ፈጠራዊ ብቃቱን የሚመዝነው ደግሞ በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ባለሥልጣን ነው፤ የድርጅት ኮሚቴ አይደለም። ያ ሚዛን ባይነሣለት እንኳ ሕጉ ሌላ በር አለው። የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አዲስነትንና ተግባራዊነትን እንጂ ፈጠራዊ ብቃትን አይጠይቅም። ለ5 ዓመት ይሰጣል፤ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። እንዲህ ላለ የጋራዥ ሥራ የታሰበ በር ነው ማለት ይቻላል። ኮሚቴዎ ስለዚህ በር አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በዚህ ላይ ያ ዕለት ያደረሰው ጉዳት አለ። በውጭ አገርም ጥበቃ ቢፈለግ፣ በአውሮፓ የፓተንት ስምምነት መሠረት ፈጠራው ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ ከተገለጠ፣ የገለጠው ባለቤቱ ራሱ ቢሆንም አዲስነቱ ይጠፋል። የሚተርፉት ከ6 ወር ያልበለጡ ሁለት ጠባብ ጉዳዮች ናቸው፤ ባለቤቱ ላይ ግልጽ በደል ሲፈጸምና በታወቀ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲታይ። አሜሪካ የአንድ ዓመት ፋታ ትሰጣለች። የድርጅትዎ መጽሔት ከታተመ በኋላ ያለፈው ጊዜ ግን ፋታውን ሁሉ እየበላ ነው፤ መዝገብ ቤትዎ የተቀመጠው ወረቀት ዝም ባለ ቁጥር የሚጠፋው የልጁ መብት ነው።

ስለዚህ በአክብሮት፣ ግን በግልጽ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ይሻር፤ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ለባለጉዳዩ ይሰጠው። በዚያ ዕለት የተገኙት እንግዶች ስም ዝርዝርና መጽሔቱ የታተመበት ቀን በማኅተም ተረጋግጦ ይጻፍለት፤ በደል መፈጸሙን የሚያስረዳው በዚህ ነውና። የማመልከቻውን ክፍያ ድርጅቱ ይሸፍን። ባለቤትነቱ የማን እንደሆነ የሥራ ውሉና ሕጉ ይወስኑ፤ ድርጅቱ ድርሻ አለኝ ካለ በጽሑፍ ይበል እንጂ በዝምታ አያስቀር።

ይህ ብቻ አይበቃኝም። ኮሚቴው እስከ ዛሬ የመለሳቸው የሌሎች ሠራተኞች መዝገቦች በሙሉ ይከፈቱ። ብየዳ ቤት ውስጥ፣ ጎማ ቤት ውስጥ የአንድ ሰው አእምሮ የሠራውን፣ ያለ ማስረጃ «የታወቀ ነው» ተብሎ የተጣለውን ሁሉ ያየ ሰው ይመስክር። ማመልከቻ ሳይገባ ማንኛውም ፈጠራ በግቢው እንዳይታይ መመሪያ ይውጣ፤ ያየም ሰው ይፈርም። በኮሚቴው ውስጥ የፓተንት ሥዕል ማንበብ የሚችል ሰው ከሌለ ኮሚቴው ይፍረስ። የሥራ አመራር ቦርዱ ጉዳዩን በአጀንዳ ይያዝ።

ግዢ ክፍልም ይጠየቅ። ለምን በአንድ ሳይት ላይ ሁለት ዓይነት አደራደር ያላቸው ማሽኖች ጎን ለጎን ይሠራሉ? ለምን ፎርማኑ ማሽኑን ሲያስረክብ አደራደሩን በጽሑፍ አያስረክብም? የኦፕሬተር ብቃት ፈተና ላይስ ይህ ለምን አይጠየቅም? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ የመንግሥት ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን ፈጠራ እንዴት እንደሚይዙ ይመርምር። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ለልጆቹ ብየዳና ፍተሻ ሲያስተምሩ፣ የሠሩትን ከማሳየታቸው በፊት እንዲያስመዘግቡ ያስተምሩ።

የድርጅቱን ስም ያልጠቀስኩት ሠራተኞቹ ባልደረቦቼ ስለሆኑና ነገሩም በአንድ ግቢ ብቻ የሚደረግ ስላልሆነ ነው። ኦፕሬተሮች፣ መካኒኮች፣ የማሽን ባለንብረቶች፣ በየሳይቱ ከጉድጓድ ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፦ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። በተለይ በዚያ ዕለት በግቢው የነበራችሁ፣ ወለሉ ሲፈታ ያያችሁ፣ ልጁ «ባልገልጽ» ብሎ ሲለምን የሰማችሁ ባልደረቦች፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ለቦርዱ አስገቡ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የከባድ ማሽን መካኒክና የኦፕሬተሮች አሠልጣኝ