‹‹1000 ዋት›› የሚሉት የካርቶን ላይ ውሸት!

ሰሞኑን ገንዳ ውሃ ላይ የመኪና አምፕሊፋየር ገዛሁ። ገዛሁ ከምል ተዘረፍኩ ብል ይቀለኛል። የወንድሜ ዲኤክስ ኮሮላ ቴፑ ካሴት መጉረስ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ከጎንደር እስከ ቆላው ድረስ ያለ ዘፈንና ያለ ዜና መንዳት ደግሞ ሙቀቱን እጥፍ ያደርገዋል። እናም የሁለት ጽሑፍ ክፍያዬን ቋጥሬ ሱቅ ገባሁ።

‹‹እውነት ሺህ ዋት ይሰጣል?›› አልኩት ልጁን።

‹‹ጋሼ፣ መስታወትዎ እንዳይረግፍ ብቻ!››

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አምፑ ላይ የተሰካው ፊውዝ 20 አምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ነው። ሲባዛ 280 ዋት! ከዚያም ላይ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ታዲያ ሺሁ ዋት ከየት መጣ? ከማተሚያ ቤት ነዋ! ዳሽቦርድ ውስጥ የሚገባው ማጫወቻም ቢሆን ‹‹50 ዋት በ4›› ይበል እንጂ፣ ሳይንኳኳ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ስፒከር 20 ዋት ቢሆን ነው።

ለመሆኑ ጥራት ተቆጣጣሪ የሚባለው ማንን ነው የሚቆጣጠረው? ደረሰኝ የተቆረጠለት ዕቃ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል። ታክሱ በእውነተኛ ብር፣ ዋቱ በሐሰተኛ! ያውም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ተለቆ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ካለፈ ወዲህ ድሃው የሚከፍለው ብር ስንት ላብ እንደሆነ እናውቃለን።

ከሁሉ የባሰው ግን ሽቦው ነው። ገጣሚው ከባትሪው እስከ ኋላ ኮፈን ድረስ በምንጣፉ ሥር ዘረጋልኝ፤ ከባትሪው አጠገብ ግን ፊውዝ የለም። ነጋዴ ባሕር ሳንደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ወርደን ምንጣፉን ብናነሳው ልባሱ ተልጦ ከብረቱ ጋር ተገናኝቷል። በቢላ ፋቅ ባደርገው መዳብ የመሰለው ሽቦ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም! ኋላ ኮፈን ውስጥ ደግሞ የቤንዚን ጀሪካን ነበር... ጎበዝ፣ እንዲህ የተዘረጋ ሽቦ ላይ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት ነፍስ ተቀምጦ ይሄዳል? ቦሎ ሲታደስ የእኛን ምንጣፍ ያነሳ ሰው አላየሁም።

‹‹አገር በጦርነት እየታመሰ ስለ ቴፕ ትጽፋለህ?›› የሚለኝ አይጠፋም። አዎን እጽፋለሁ! ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ወሬ ያገኘነው በምን ነበር? በሬዲዮ አይደለም እንዴ? የመኪና ቴፕ የሀብታም ቅንጦት ነው ያለው ማነው?

በመጨረሻ አምፑን ከነሽቦው አስነቀልኩት። ለካስ የታመሙት በሩ ላይ ያሉት አሮጌ ስፒከሮች ኖረዋል፤ ወረቀታቸው በፀሐይ ደርቆ ተቀዷል። እነሱን ብቻ ቀየርን። የበሩን ቀዳዳዎች በወፍራም ላስቲክ ደፈንን፣ ብሎኑን አጠበቅን፣ ፍላሽ የሚያነብ ተራ ማጫወቻ አስገባን። ወጪው ከአምፑ ዋጋ ግማሽ አልሞላም፤ ድምፁ ግን የሰው ድምፅ ሆነ።

አምፑን ስመልስ ባለሱቁ ተከራክሮ ተከራክሮ ግማሽ ብሬን ሰጠኝ። ወዲያው አቧራውን ጠርጎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። ካርቶኑ አሁንም ‹‹1000 ዋት›› ይላል።