ስለ ንጉሥ ክሬዎን ልብ መለወጥ

ከጽርእ ሰዎች የቴአትር ድርሰት መካከል የአባትንና የልጅን ነገር አጥብቆ የሚያሳይ ሶፎክልስ የደረሰው «አንቲጎኔ» ይመስለናል። ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ በአቴና ከተማ ለሕዝብ የታየ ነው። ብዙ ሰው ወንድሟን ስለ ቀበረችው ልጃገረድ ያዝናል፤ እኛ ግን ልንናገር የወደድነው ስለ አጎቷ ስለ ንጉሡ ነው፤ እርሷ እስከ መጨረሻው በአንድ ልብ ስትጸና የሚለወጠው እርሱ ነውና።

ክሬዎን የቴብስን መንግሥት የያዘው ሁለቱ የእኅቱ ልጆች በአንድ ቀን እርስ በርሳቸው ከተጋደሉ በኋላ ነው። ከእነርሱም ፖሊኒቄስ የአርጎስን ጦር አስከትሎ በአገሩ ላይ ዘምቶ ነበርና፥ ሬሳው ሳይቀበር ለአሞራና ለውሻ እንዲጣል አዋጅ ነገረ። በዚህ ብቻ ክፉ ሰው ነው ብለን አንፈርድበትም፤ በጦርነት ማግሥት አገር የተረከበ ሹም ለዘመዱ አላዳላም ቢል የሚገባ ነው። የሰው ልብ በሥልጣን ካልተፈተነ እንደማይታወቅም በመጀመሪያው ንግግሩ ተናግሯል፤ የሚፈተነው እርሱ ራሱ መሆኑን ግን አላሰበም።

አንቲጎኔ አዋጁን ተላልፋ በወንድሟ ሬሳ ላይ አፈር ብትበትን፥ በሕይወቷ በዋሻ እንድትዘጋ ተፈረደባት። የንጉሡ ልጅ ሄሞን አጭቷት ነበር። እርሱም ወደ አባቱ ገብቶ በቍጣ ሳይሆን በልጅ ወግ በትሕትና ጀመረ። ሕዝቡ የንጉሡን ፊት ፈርቶ በስውር የሚያንሾካሹከውን ነገረው፤ ጎርፍ ሲመጣ ጎንበስ የሚለው ዛፍ እንደሚተርፍ፥ የሚገትረው ግን ከነሥሩ እንደሚነቀል አመለከተው። አባቱ ግን ምክሩን ትቶ የመካሪውን ዕድሜ መዘነ፤ ከልጅ መማርን እንደ ውርደት ቈጠረው። ስለ ከተማይቱ ደኅንነት ይናገር የነበረው ሰው ከተማይቱ የገዢዋ ናት እስከ ማለት ደረሰ፤ በሴት ተሸነፈ እንዳይባልም ሰጋ። የአገር ሕግ የነበረው ነገር በዚህ ጊዜ የራሱ እልኽ ሆነ።

ኋላ ዕውሩ ነቢይ ቲሬስያስ መጥቶ ያንኑ ምክር ሰጠው። ክሬዎን አስቀድሞ ዘበኛውን እንደ ጠረጠረ ነቢዩንም በገንዘብ ተገዝተሃል ብሎ ሰደበው። ነቢዩ ግን ከአብራክህ በወጣ ሕይወት ትከፍላለህ ባለው ጊዜ ልቡ ራደ። ምን ላድርግ ብሎ ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ፥ አስቀድመህ ልጂቱን ፍታ፥ ከዚያም ሬሳውን ቅበር አሉት። እርሱ ግን ሬሳውን አስቀደመ፤ አጥቦ ያቃጠለውን ቀብሮ፥ አፈር ከምሮ፥ ከዚህ በኋላ ወደ ዋሻው ሄደ። ስለ ምን? ደራሲው ምክንያቱን አልነገረንም። በእኛ አስተያየት ክሬዎን ያን ጊዜ የተለወጠው ከእልኽ ወደ ፍርሃት ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ወደ በደለው ሰው ሳይሆን ወደሚያስፈራው ነገር ሮጠ። ይህን የመሰለ አካሄድ በየሹሙ ቤት አይታይም ለማለት አንደፍርም።

ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ራሷን ሰቅላ ሞታለች። አባት እየለመነ ቢጠራው ልጁ ፊቱ ላይ ተፋበት፤ ሰይፍ መዞ ሳተውና በራሱ ላይ አዞረው። እናቱ ኤውሪዲቄ ወሬውን ሰምታ አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ቤት ገባች፤ ባሏን ረግማ ሞተች።

ክሬዎን የልጁን ሬሳ ይዞ ሲመለስ ግን በማንም አላሳበበም። ዘበኛውንም ነቢዩንም አላነሣም፤ ጥፋቱ የራሱ ብቻ መሆኑን ተናገረ። ስለ ልጅነቱ ምክሩን የናቀበትን ሄሞንን፥ በልጅነቱ ስለ መቀጨቱ አለቀሰለት፤ አሽከሮቹንም ከዚያ ስፍራ እንዲወስዱት ለመነ።