ብረት መጨመር ማጠንከር ነውን?

ሰሞኑን በወርክሾፕ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ክርክር ተነሥቷል። ለውድድር የሚሰናዳ መኪና ኩርባ ላይ አልታዘዝ ሲል፣ አንዱ ወገን «ሻንሲው ስለሚጠመዘዝ ነው፤ ብረት ይበየድበት» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ክብደት የእሽቅድምድም ጠላት ነው፤ አንዲት ኪሎ አትጨመርም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በድምፅ እንጂ በቁጥር አልተከራከሩም። እኛ ግን ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል እንላለን።

በመጀመሪያ አንድ የቃል ስሕተት እናርም። ጥንካሬና ግትርነት አንድ አይደሉም። ጥንካሬ አለመሰበር ነው፤ ግትርነት ጭነት ሲያርፍ አለመጠምዘዝ ነው። መኪናው ሲታጠፍ ክብደቱ ከውስጠኞቹ ጎማዎች ወደ ውጭኞቹ ይዛወራል፤ ከዚህም የፊቱ ስንት፣ የኋላው ስንት ይሸከም የሚለውን መካኒኩ በሞላና በስታብላይዘር ይወስናል። ሻንሲው ልል ከሆነ ግን ራሱ አንድ ተጨማሪ ሞላ ይሆንና የመካኒኩን ውሳኔ መንገድ ላይ ይበላዋል።

ታዲያ ስንት ግትርነት ይበቃል? ለማስረዳት ያህል፣ ሞላውንና ሻንሲውን ተቀጣጥለው እንደ ታሰሩ ሁለት ሞላዎች እንቁጠራቸው። ሻንሲው ከሞላው ጋር እኩል ግትር ቢሆን፣ የጋራ ግትርነታቸው የሞላው 50 በመቶ ብቻ ነው። 5 እጥፍ ቢሆን 83፣ 10 እጥፍ ቢሆን 91፣ 20 እጥፍ ቢሆን 95 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ ከ1 ወደ 5 መውጣት ትልቅ ትርፍ ነው፤ ከ10 ወደ 20 ለመውጣት የሚደከመው ድካም ግን 4 በመቶ ብቻ ያስገኛል። ክብደት በበኩሉ ምሕረት የለውም። 600 ኪሎ በሚመዝን መኪና ላይ 30 ኪሎ ብንጨምር በዚያው ሞተር የመፍጠን ችሎታው ወደ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጎማም ጭነቱ ሲጨምር አስፋልት የመያዝ ኃይሉ በዚያው ልክ ስለማይጨምር፣ ኩርባውን በዝግታ ለመዞር እንገደዳለን።

ደግነቱ፣ ግትርነት ከብረት ብዛት ይልቅ ከቅርጽ ይመጣል። የጫማ ካርቶን ክዳኑን አንሥታችሁ በሁለት እጅ ጠምዝዙት፤ ያለ ተቃውሞ ይጠመዘዛል። ክዳኑን በሙጫ አጣብቃችሁ እንደገና ሞክሩ፤ የተጨመረው ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ክብ ቱቦም እንዲሁ ነው። የግድግዳውን ውፍረት በግማሽ ቀንሰን ዲያሜትሩን እጥፍ ብናደርገው፣ ክብደቱ ሳይለወጥ መጠምዘዝን የሚቋቋምበት ግትርነት 4 እጥፍ ያህል ይሆናል።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ሎተስ 25ን የሠራው በዚህ መንገድ ነው። የቱቦውን ቀፎ ትቶ፣ በነጂው ግራና ቀኝ ከስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ዝግ ሳጥኖች አበጀ፤ ነዳጁንም በውስጣቸው አኖረ። ይህም ሻንሲ በቱቦ ከተሠራው ከሎተስ 24 ሻንሲ በክብደት ቀልሎ በግትርነት እጅግ በለጠ። በ1963 ጂም ክላርክ በዚሁ መኪና ከ10 የዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች 7ቱን አሸነፈ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የቀላልነት ወገኖች በዚህ ፈጥነው እንዳይጨፍሩ። በ1970 ዮኸን ሪንት በሞንዛ ልምምድ ላይ ሳለ የሎተሱ የፊት ፍሬን ዘንግ ተሰብሮ ከአጥር ጋር ተጋጨና ሞተ፤ የዓመቱ ሻምፒዮንነትም ከሞተ በኋላ ጸደቀለት። ከመኪናው የምንቀንሰው ክብደት ከነጂው ዕድሜ የሚቀነስ ከሆነ፣ ሒሳቡ ከመነሻው ስሕተት ነው። ሁለቱን ማስማማትም ይቻላል። በ1981 የማክላረን መኪና ሻንሲ ቀላልና ግትር ከሆነው ከካርቦን ፋይበር ተሠርቶ ነበር፤ ጆን ዋትሰን በዚያው ዓመት በሞንዛ ሲጋጭ ሞተሩ ተገንጥሎ ሲሄድ እርሱ ሳይጎዳ ወጣ።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦ የብየዳው እሳት ከመለኮሱ በፊት ሻንሲው ይለካ። የኋላው በጥብቅ ይታሰር፤ የፊቱ በመሐሉ በአንድ ድጋፍ ላይ ይረፍ፤ በ1 ሜትር ክንድ ጫፍ 50 ኪሎ ይንጠልጠል፤ ስንት ዲግሪ እንደ ተጠመዘዘም ይጻፍ። አዲሱ ቱቦ መጀመሪያ በብሎን ይታሰርና ልኬቱ ይደገም፤ ቱቦውም ይመዘን። በየኪሎው የሚያስገኘው ትርፍ ያነሰው ይውለቅ። ነጂውን የሚጠብቀው ከለላ ብቻ በዚህ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ሚዛንና ማስመሪያ በእጁ እያለ በጩኸት ለመርታት የሚሻ መሐንዲስ ለመኪናም ለአገርም አይበጅም።

ከቴክኖሎጂ ተማሪዎች አንዱ