አስቀድሞ ሣጥኑ ይከፈት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ነገሬን ከአገሬ ከባሌ፣ ከጎሮ እጀምራለሁ።

ባለፈው ክረምት ወደ ቤተሰቦቼ ሄጄ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው በአንድ ቀበሌ በተደረገ የልማት ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሰብሳቢው መዝገባቸውን ገልጠው «ምን ትፈልጋላችሁ?» ሲሉ ሕዝቡን ጠየቁ። መንገድ፣ ወፍጮ፣ ጤና ኬላ፣ መብራት፣ የከብት ሐኪም፣ ውሃ ተባለ፤ ሁሉም ተጻፈ። ጭብጨባ ሆነና ሕዝቡ ወደየቤቱ ተበተነ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት አክስቴ ግን ስንወጣ፣ «አምና የተጻፈውስ የት ደረሰ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ያልመለስኩት ጥያቄ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ሕዝቡ አልተጠየቀም ለማለት አይደለም። ተጠይቋል፤ ነገር ግን የተጠየቀው ጥያቄ ባዶ ነው። ምን ያህል ገንዘብ እንዳለ ሳይነገረው «ምን ትፈልጋለህ?» የተባለ ሰው ሁሉን ቢመኝ ምን ይፈረድበታል? ምኞት ሲደረደር ዕቅድ አይሆንም። ዕቅድ ማለት «ይህን ያህል አለን፤ የቱ ይቅደም፣ የቱስ ይቆይ?» ብሎ መምረጥ ነው።

ሕጉማ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 50ም ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በ1994 ዓ.ም. በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ወረዳዎች የራሳቸውን በጀት እንዲያስተዳድሩ ድጎማው በጥቅል ይሰጣቸው ጀመር። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ከድጎማው አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ታዲያ የገጠሩ ሕዝብ በጉልበቱ፣ በእንጨቱና በመዋጮው ጉድለቱን ይሞላል። ገንዘቡንና ጉልበቱን የሚያወጣ ሰው የሥራውን ተራ የመወሰን መብት የለውምን?

ባሌ ይህን ጥያቄ በከባድ ዋጋ ያውቀዋል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዚያ ምድር የተካሄደው የገበሬዎች አመፅ ዋና ምክንያቶቹ የመሬትና የግብር በደል ነበሩ። አመፁ ገና ሳይበርድ፣ በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጣ፤ ነገር ግን ማስፈጸሚያውን ፓርላማው ሳያጸድቀው ስለቀረ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆነ። ገንዘብ የሌለው ሥልጣን ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ታይቷል።

«ገበሬው ስለ በጀት ምን ያውቃል?» የሚሉ አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን እድር ይግቡና ይመልከቱ። በእድር አስቀድሞ ገንዘብ ያዡ በሣጥኑ ያለውን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ድንኳን ይገዛ ወይስ ድስት የሚል ክርክር የሚነሣው። የተሸነፈውም ሒሳቡን ሰምቷልና ውሳኔውን ያከብራል። የኦሮሞ ሕዝብም በገዳ ሥርዓቱ በጉባኤ መክሮ ሕግ የሚያወጣ ሕዝብ ነው፤ ዩኔስኮም ይህን በ2009 ዓ.ም. በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። የጎደለው ሕዝቡ ማወቁ ሳይሆን የሣጥኑ መከፈት ነው።

በሕንድ የኬረላ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 ከልማት በጀቱ ከሲሶ የሚበልጠው ለአካባቢ ምክር ቤቶች ተሰጥቶ፣ ሕዝቡ በየሰፈሩ ተሰብስቦ ችግሩን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ተደርጓል። ከእነርሱም መካከል ገበሬዎች አሉ።

እርግጥ ነው፣ የጉድጓድ ውሃ የት እንደሚገኝ በእጅ ብልጫ አይወሰንም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው የሚቻለውንና ዋጋውን ይንገር፤ ሕዝቡ ተራውን ይምረጥ። እንዲሁም በአንድ ስብሰባ ሁሉም ይናገራል ብሎ ማመን የዋህነት ነው። በዚያን ቀን ወንዶቹ መንገድና ወፍጮ ሲሉ፣ እንስራ ተሸክመው የሚመላለሱት ሴቶች ዝም ብለው ነበር። ውሃ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ጥማቱ ስላነሰ አይደለም፤ የተጠማው ስላልተናገረ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። የበጀቱ ልክ ከስብሰባው በፊት ይነገር። ስብሰባው አጨዳ በሚበዛበት ወራት አይደረግ። ሴቶችና ወጣቶች አስቀድመው ለብቻቸው ይምከሩ። የተመረጠው ሥራ ከነዋጋው፣ የቀረውም ከነምክንያቱ፣ ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በዓመቱ ሌላ ምኞት ከመጻፉ በፊት የአምናው መዝገብ ይነበብ።

እኛስ? በሻይ ክበብ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ መከራከር ቀላል ነው። በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ግን ቢያንስ አንድ ሥራ እንሥራ፤ ቃለ ጉባኤ እንጻፍ፣ የበጀቱን ቁጥር ለማያነቡት እናንብብላቸው። አክስቴ ዘንድሮም መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ በበኩሌ ባዶ አፌን ልመልስላቸው አልፈልግም።