ወይፈን ሸጦ መርከብ?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከዱብሉቅ ነው። ዱብሉቅ ደሞ የት ናት ለምትሉ የሸገር ልጆች፣ ከያቤሎ ወደ ሜጋና ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የቦረና ከተማ ናት። የምትታወቀው በከብት ገበያዋና ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ባሕር? በዚያ አካባቢ የለም። ደብዳቤውን ደጋግሜ ያነበብኩትም ለዚህ ነው።

ጸሐፊው 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ወጣት ነው። ስልኩ ላይ ባለ ሦስት ምሰሶ ትልቅ የሸራ መርከብ አይቶ ልቡ ሸፈተ። «ወጣቶቹ ገመድ ይጎትታሉ፣ ምሰሶ ላይ ይወጣሉ፣ ተራ በተራ መሪ ይይዛሉ። እንደ ተሳፋሪ ቁጭ አይሉም። እኔም እንደነሱ እየሠራሁ ውቅያኖስ ማቋረጥ እፈልጋለሁ» ይላል። እስከዚህ ድረስ ምን ክፋት አለው? ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። አንድ ደላላ «ሞያሌን አሻግሬ ሞምባሳ ላይ እንዲህ ያለ መርከብ አስቀጥርሃለሁ፤ ደሞዙ በዶላር ነው» ብሎታል። ክፍያው ታዲያ በቅድሚያ ነው። ልጁ ከድርቁ የተረፉትን ሁለት የአባቱን ወይፈኖች ሊሸጥ አስቧል። አባት አልሰሙም። «ልንገራቸው ወይስ ሸጬ ልጥፋ?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ መርከቡ እንነጋገር። ያየኸው ነገር እውነት ነው። ለምሳሌ ዩሮፓ የምትባል የሆላንድ መርከብ አለች። በ1911 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ስትሠራ ኤልበ ወንዝ አፍ ላይ ቆማ ለሌሎች መርከቦች መብራት እንድታሳይ ነበር። በኋላ ታድሳ ባለ ሦስት ምሰሶ ሆነችና አሁን በሸራ እስከ አንታርክቲካ ትጓዛለች። ልምድ የሌለው ሰውም ትቀበላለች። አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት እረፍት ነው፤ ተራህ ሌሊት ከደረሰ በብርዱ ትነሣለህ። ሸራ መዘርጋት አለ፣ መሪ መያዝ አለ፣ ከፊት ቆሞ ባሕሩን መጠበቅ አለ። ግን ልብ በል፤ እነዚያ ስልክህ ላይ ያየሃቸው ልጆች አይከፈላቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የሚከፍሉት! ያውም ብዙ ዩሮ። ደሞዝተኞቹ ሙያ ያላቸው ጥቂት መርከበኞች ናቸው። እንግዲህ ደላላህ የቱን ደሞዝ ነው የሚያወራልህ?

የሚገርመው ግን፣ የተመኘኸውን ሥራ ግማሹን ታውቀዋለህ። በበጋ ጉድጓድ እንደምትወርድ ጽፈህልኛል። አንዱ ካንዱ በላይ ቆማችሁ ባልዲ ስትቀባበሉ የምትዘፍኑት ለጌጥ አይደለም፣ እጅ ከእጅ እንዲገጥም ነው አይደል? የድሮ መርከበኞችም ገመድ ሲጎትቱ ይዘፍኑ የነበረው ለዚሁ ነው።

ደሞዝ ያለው ባሕር ከፈለግክ በሩ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁ ልጆችን አሠልጥኖ በውጭ መርከቦች ላይ በመኮንንነት እንዲሠሩ ሲያደርግ ቆይቷል። ቢሾፍቱም የባቦጋያ ማሪታይም አካዳሚ አለ። በ12ኛ ክፍል ወረቀት ብቻ ግን መኮንን አትሆንም። ይህን ስልህ ንቄህ እንዳይመስልህ፤ እኔም ከ12ኛ አላለፍኩም።

አንድ ነገር ደሞ ያዝልኝ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መርከብ ላይ የሚያስቀጥር ሰው ከሠራተኛው የማስቀጠሪያ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። አንተ ብትከፍል ለፓስፖርትህ፣ ለመርከበኛ መታወቂያህና ለጤና ምርመራህ ነው። ወይፈን የሚያሸጥ ነገር የለበትም። ያለ ሰነድ ከሞያሌ ማዶ የሚያዝ ልጅ ደግሞ ሞምባሳን ሳያይ እስር ቤት ሊያድር ይችላል።

እኔ ራሴ የዛሬ ስምንት ዓመት የእናቴን የዕቁብ ብር ለአንድ ደላላ ሰጥቻለሁ። ዱባይ እልክሃለሁ ብሎኝ ነበር። ብሩም ቀረ፣ ዱባይም ቀረ። ከብሩ ይልቅ የከበደኝ ለእናቴ የነገርኩበት ምሽት ነው። ለካ ከኔ በፊት ከጎረቤት ሰምታዋለች። ዝም ብላ ቡናውን ቀዳችልኝ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ለአባትህ ንገራቸው። አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ጠፍቶ ስንቱ ከብት ያለቀበትን የ2013–2015 ዓ.ም. ድርቅ ተቋቁመው ያተረፏቸው ወይፈኖች ናቸው። ማታ ስልክህን ይዘህ አጠገባቸው ቁጭ በልና መርከቧን አሳያቸው። ሊስቁብህ ይችላሉ፣ ይሳቁ። ዕድሜ ልካቸውን ከከብት ደላላ ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸውና የመርከቡን ደላላ ለመለየት ሁለት ጥያቄ ይበቃቸዋል።

ደላላውን ደሞ የመርከቧን ስም፣ የምትውለበልበውን ባንዲራና የቅጥር ውሉን አምጣ በለው። ካመጣ ኮፒውን ላክልኝ።